ሠዓሊና ሰአሊ፤ አበባን የሚያመሰግን ሰው ስላለበት ዕዳ

ምስጋና በቃል ተጀምሮ በቃል የሚያልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ከወዳጁ ስጦታ ተቀብሎ፣ በሰው ሁሉ ፊት ቆሞ ስጦታውን ቢያወድስ፣ ወደ ቤቱ ከተመለሰ በኋላ ግን ያንኑ ስጦታ በእግሩ ቢረግጠው፣ ምስጋናው ምን ይባላል? ሰጪው ይህን በሰማ ጊዜ የሚያዝነው ስለ ስጦታው መጥፋት ብቻ አይደለም፤ በሰው ፊት ስለ ተነገረውም ቃል ጭምር ነው። ሳያወድስ ቢረግጠው ኖሮ ቸልተኛ በተባለ ነበር፤ አወድሶ ከረገጠው ግን በገዛ አንደበቱ ላይ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል።

ይህን ጥያቄ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ኢትዮጵያውያን በየዓመቱ ፍጥረትን የምናወድስበት የበዓል ወራት አለን። በዚያ ወራት የምናወድሰው ፍጥረት ግን ከዓመት ወደ ዓመት ከዓይናችን እየራቀ፣ ከደጃችን እየሸሸ ይታያል። ስለዚህ ልንመረምረው የሚገባን ነገር ይህ ነው፤ ፍጥረትን የሚያወድስ በዓል የፍጥረት ጠባቂዎች ካላደረገን ውዳሴያችን እውነተኛ ነውን?

በዓለም ላይ ልዩ ልዩ ሕዝቦች በየሰፈራቸው ተሰብስበው በዜማ፣ በሥዕልና በእጅ ሥራ ተፈጥሮን የሚያከብሩበት የኪነ ጥበብ በዓል ያዘጋጃሉ። በ1972 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት በስቶክሆልም ካደረጉት ጉባኤ ወዲህ ግንቦት 28 ቀን የዓለም የአካባቢ ቀን ተብሎ ይከበራል። የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ቀዳማዊ ዲሚትሪዮስም ነሐሴ 26 ቀን 1981 ዓ.ም. ባስተላለፉት መልእክት ያን ዕለት ምእመናን ስለ ፍጥረት መጠበቅ የሚጸልዩበት ቀን አድርገውታል፤ ዕለቱም ከእኛ ዘመን መለወጫ ዐሥር ቀን የሚቀድም ነው። እነዚህ ሁሉ መልካም ናቸው። ነገር ግን እንዲህ ያለው በዓል ለእኛ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ አዘጋጅ ኮሚቴ ሳይሾምለት፣ የመግቢያ ዋጋ ሳይጠየቅበት፣ ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፈው የኖረ የጥበብና የፍጥረት በዓል አለው።

ወራቱም ከመስከረም 1 ቀን እስከ ኅዳር 6 ቀን ያለው ነው። በዘመን መለወጫ ዕለት ልጃገረዶች አዲስ ልብስ ለብሰው፣ አደይ አበባና ለምለም ሣር ይዘው፣ ከበሮ እየመቱና እያጨበጨቡ በየደጁ አበባየሆሽ ይላሉ። ወንዶች ልጆች ደግሞ ከበዓሉ አስቀድመው በወረቀት ላይ አበባን፣ ፀሐይንና መላእክትን በቀለም ሥለው ለጎረቤትና ለዘመድ እንቁጣጣሽ ብለው ያበረክታሉ፤ ተቀባዩም መርቆ የአቅሙን ይሰጣቸዋል። መስከረም 16 ቀን ደመራ ተደምሮ በአደይ አበባ ያጌጣል። ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው አርባ ቀን ዘመነ ጽጌ ይባላል፤ በማግሥቱ ኅዳር 6 ቀን የቍስቋም በዓል ይከበራል። እንግዲህ ዘፋኟ ሕፃን፣ ሠዓሊው ሕፃን፣ ማኅሌት የሚቆሙት ሊቅ፣ ሁሉም በየወገናቸው ስለ አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ምድር በክረምቱ ዝናም ጠግባ ስላወጣችው አበባ።

ዘመነ ጽጌን ያየን እንደ ሆነ ደግሞ አባቶቻችን አበባን ለጌጥ ብቻ እንዳልወሰዱት እንረዳለን። አባ ጽጌ ድንግል እንደ ደረሰው የሚነገረው ማኅሌተ ጽጌ በየሳምንቱ እሑድ ሌሊት በጸናጽል፣ በመቋሚያና በከበሮ ይቆማል። ነቢዩ ኢሳይያስ ከእሴይ ሥር ስለሚወጣው በትርና አበባ የተናገረውን (ኢሳ. 11፥1) መሠረት አድርገው ሊቃውንቱ እመቤታችንን አበባ ባስገኘች በትር፣ ጌታችንን በአበባው ይመስላሉ። የዚያው ወራት መታሰቢያ ግን የስደት መታሰቢያ ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን አዝላ ከሄሮድስ ፊት ወደ ግብፅ በረሃ የሸሸችበት (ማቴ. 2፥13-15)። ስለዚህ ከማኅሌተ ጽጌ ጋር ሰቆቃወ ድንግልም ይደረሳል። ደስታና ልቅሶ፣ አበባና በረሃ በአንድ ሌሊት በአንድ ማኅሌት ውስጥ ይገናኛሉ። ይህም የሚያስተምረው ታላቅ ነገር አለ። አበባን የሚያወድስ ሰው በረሃን የረሳ ሰው አይደለም፤ ጥላ የሌለበት መንገድ፣ ውኃ የሌለበት ስፍራ ለሕፃንና ለእናት ምን እንደ ሆነ ያሰበ ሰው ነው። ምድርን በረሃ የሚያደርግ እጅ ይህን ማኅሌት በሙሉ ልቡ ሊቆም አይቻለውም።

የዜማችን አባት የቅዱስ ያሬድም ታሪክ ይህንኑ ያመለክታል። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ አባት በሕፃንነቱ ትምህርት ቢከብደው ከትምህርት ቤት ሸሽቶ በዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ አንድ ትል ወደ ዛፉ ለመውጣት ብዙ ጊዜ ወድቆ በመጨረሻ ሲወጣ አይቶ ተጽናና፤ ተመልሶም ተማረ። ዜማውንም በሦስት ወፎች አማካይነት ከሰማይ እንደ ተቀበለ ገድሉ ይተርካል። እንግዲህ ከዛፉ፣ ከትሉና ከወፎቹ አንዱ ቢጐድል ታሪኩን እንዴት እንተርከዋለን? የሰው ጥበብ በራሱ የቆመ ሳይሆን አስቀድሞ ከተፈጠረው ፍጥረት የተማረ መሆኑን አባቶቻችን በዚህ መንገድ ነገሩን። በሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ ሲፈጠሩ ሰው የተፈጠረው በዕለተ ዓርብ ነው። አበባው እኛን ሦስት ቀን ቀድሞን የነበረ ነው፤ እኛ ስላወደስነው ወደ መኖር የመጣ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን በአንድ ሰፈር ብንመለከተው ይበልጥ ግልጥ ይሆንልናል። በአዲስ አበባ ምሥራቅ፣ ወደ ሲ ኤም ሲ አቅጣጫ፣ በእመቤታችን ስም የታነጸች ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ሰፈሩም በእርሷ ስም ሳሊተ ምሕረት ይባላል። ስሙ በግእዝ ሰአሊተ ምሕረት ነው፤ በሕዝብ አነጋገር አጥሮ ሳሊተ ሆነ። ትርጓሜውም ምሕረትን የምትለምን ማለት ነው። በእሳቱ ሰና በአልፋው አ የሚጻፈው ሰአለ ለመነ፣ ማለደ ማለት ነውና። በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ የሚጻፈው ሠዐለ ግን ሥዕል ሣለ ማለት ነው። በጽሕፈት የተለያዩት እነዚህ ሁለት ቃላት በዛሬው አነጋገራችን በጆሮ አይለዩም። አንዱ ሠዓሊ ነው፤ ያየውን መልክ በቀለም የሚያሳይ። ሁለተኛው ሰአሊ ነው፤ ስለ ሌላው ቆሞ የሚለምን። የእንቁጣጣሽ ሕፃን ሥዕሉን ይዞ በደጅ ሲቆም ሁለቱም ነው፤ በእጁ ሠዓሊ፣ በቃሉ ሰአሊ። የዚህ ጽሑፍ አሳብ በሙሉ ከዚህ ላይ ነው፤ እኛ ትልልቆቹ የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል።

የሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበረ። ዛሬ በዚያ ሰፈር በመስከረም 1 ቀን ማለዳ ልጃገረዶች የሚዘፍኑት በፎቅ ደረጃ ላይና በብረት በር ፊት ነው። የሚይዙት አደይ አበባ ከመንገድ ዳር የተገዛ ነው፤ ለወለሉ የሚጐዘጐዘው ቄጤማም ከሩቅ ረግረግ ታጭዶ በመኪና የመጣ ነው። ወንዶቹ ልጆች ከሚያድሉት ሥዕል መካከል በማተሚያ መኪና የተባዛው እየበዛ ሄዷል። በዚህ ልጆቹን የሚወቅስ ቢኖር ስሕተት ነው። ዘፈኑን ጠብቀዋል፤ ከበሮውን ጠብቀዋል፤ ለእነርሱ የተሰጠውን ድርሻ አላጐደሉም። ሜዳውን የመጠበቅ ድርሻ የእነርሱ አልነበረም።

አደይ ማንም ሳይዘራው በእርሻ ዳርና በተራራ ጥግ የሚበቅል፣ ወራቱን ጠብቆ የሚፈነዳ፣ ወራቱ ሲያልፍ ዘሩን ለመሬት አደራ ሰጥቶ የሚደርቅ አበባ ነው። አደራውን የሚቀበል መሬት ካልተገኘ ለከርሞ አይመለስም። ስለ አደይ የሚዘፍን፣ አደይን በወረቀት የሚሥል፣ ነገር ግን አደይ ከመሬት በቅሎ ያላየ ልጅ በከተማችን ማደጉን ስናስብ፣ ከጌጥነት አልፎ ወደ ልብ የሚገባ ሐዘን ይሰማናል። የመስቀል በዓላችን በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ተጽፏል፤ ደስ ያሰኛል። በዓሉ ተመዘገበ፤ የበዓሉ አበባ ግን በማን መዝገብ ይጻፋል? ማንስ ይጠብቀዋል?

ይህን የምጽፍ ሰው ሌላውን ለመክሰስ እንዳልተነሣሁ እንዲታወቅ የራሴን በደል ልናገር። ከዓመታት በፊት በአንድ ደብር በሰበካ ጉባኤ አባልነት አገለግል ነበር። ደብሩን በስም አልጠራም፤ በደሉ የእኔ ነውና። በዐጸዱ ውስጥ አራት ያረጁ ወይራዎች ነበሩ። የአዳራሽ ቦታ ጠበበን ተብሎ እንዲቆረጡ ተወሰነ፤ እጃቸውን ካነሡትም አንዱ እኔ ነበርሁ። አንድ ሽማግሌ ካህን ብቻ፣ «በወዲያኛው ወገን ቦታ አለ፤ ድንጋዩን ለማንሣት ጥቂት ወጪ ቢጠይቅም ይሻላል» ብለው ነበር። ወጪውን አስልተን አሳባቸውን አለፍነው። ዛፎቹ በሁለት ቀን ወደቁ፤ አዳራሹም ተሠራ። ጥሩ አዳራሽ ነው።

በሚቀጥለው ዘመነ ጽጌ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች የአዳራሹን ግድግዳ በሥዕል አስጌጡት። አንዱ ሥዕል ትልቅ ዛፍ ነበር፤ በሥሩም ነጠላ የለበሱ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። የሣለችውን ልጅ ጠርቼ፣ «ይህ የት ያለ ዛፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«እዚህ የነበረው ነው አባባ፤ አያቴ ከቅዳሴ በኋላ የምታርፍበት» አለችኝ።

«አሁንስ አያትሽ የት ያርፋሉ?» አልኋት።

«አሁን አታርፍም፤ ቀጥታ ወደ ቤት ትሄዳለች።»

ልጅቱ እኔን ለመውቀስ አልተናገረችም፤ የተቈረጠው በማን ቃል እንደ ሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። እኔ ግን በዚያ ግድግዳ ፊት ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። እኛ ለዘመነ ጽጌ ብለን ያስጌጥነው ግድግዳ የቆመው ዛፉ በቆመበት ስፍራ ነው። ሥዕሉ እውነተኛ ነበር፤ ልጅቱ ያየችውን አሳየች። ሐሰተኞቹ ሥዕሉን አይተን «እንዴት ያምራል!» ያልነው ነን። ለሥዕሉ ሠዓሊ ተገኘለት፤ ዛፉ በሚወድቅበት ቀን ግን ሰአሊ አልተገኘለትም። የለመኑለት አንድ ሽማግሌ ካህን ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸውንም አልሰማናቸውም።

ከዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ፤ እያንዳንዳቸውም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ነፍስ መዳን ታስተምር እንጂ ስለ ዛፍና ስለ ሣር ምን አገባት የሚል ነው። ለዚህ መልሱ በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ ይገኛል። አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያበጃትና እንዲጠብቃት ነው (ዘፍ. 2፥15)። ከዕፀ በለስ እንዳይበላ የታዘዘው ከዚያ በኋላ ባለው ቃል ነው (ዘፍ. 2፥16-17)። አባቶች ያን ትእዛዝ የጾም ሁሉ መጀመሪያ ይሉታል። እንግዲህ ሰው ጾምን ከመታዘዙ በፊት ጥበቃን ተሰጥቷል ማለት ነው። ደግሞም ቤተ ክርስቲያናችን በጸሎቷ ስለ ዝናም፣ ስለ ወንዞች ውኃ፣ ስለ ምድር ፍሬ ዘወትር ትለምናለች። በጸሎት ስለ ዝናም «አሜን» ብሎ ወጥቶ የምንጩን ራስ የሚመነጥር ሰው የጸሎቱን ግማሽ በእጁ ያፈርሳል። ዐጸድ የሚለው ቃል ራሱ ይመሰክርብናል፤ በግእዝ ዐጸደ ወይን የወይን አትክልት ቦታ ነው፤ በዚሁ ቃል የቤተ ክርስቲያንን ግቢ ዐጸደ ቤተ ክርስቲያን እንለዋለን። ገዳም ማለትም በግእዝ ዱርና ሜዳ ነው። አባቶቻችን የጸሎትን ስፍራ የሰየሙት በአትክልትና በዱር ስም ነው።

ሁለተኛው፣ ዛፍንና አበባን እንዲህ ማክበር ለፍጡር ወደ መስገድ አያደርስምን የሚል ነው። ይህ ጥንቃቄ የሚናቅ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ በፈጣሪ ፋንታ ፍጡርን ያመለኩትን ይገሥጻል (ሮሜ 1፥25)። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ የማይታየው የእግዚአብሔር ባሕርይ ከተፈጠሩት ነገሮች እንደሚታወቅ አስቀድሞ ተናግሯል (ሮሜ 1፥20)። ጣዖት አምላኪ ለዛፉ ይሰግዳል፤ ሆዳም ዛፉን ያለ ልክ ይበላል፤ ክርስቲያን ግን ከዛፉ ጋር ለፈጣሪው ይቆማል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት ውስጥ ሆነው ፀሐይንና ጨረቃን፣ ዝናምንና ጠልን፣ ተራሮችንና ዕፅዋትን አብረዋቸው እንዲያመሰግኑ ጠርተዋል፤ አላመለኳቸውም፤ የማኅሌት ባልንጀራ አደረጓቸው እንጂ። በማኅሌታችን ቀኝና ግራ የሚቆሙ ወገኖች አሉ፤ አንዱ ሲያዜም አንዱ ይቀበላል። በዓለም ማኅሌት ውስጥ ሰው በቀኝ፣ ሌላው ፍጥረት በግራ የቆመ ቢመስለን አንሳሳትም። ቀኙ ወገን ግራውን እየቀነሰ፣ እያሳደደ ብቻውን ቢቀር፣ ዜማውን የሚቀበለው ማን ነው?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው። ድሀ የሚያነደው እንጨት ያስፈልገዋል፤ ቤት የሌለው ሰው ቤት ያስፈልገዋል፤ ስለ አበባ ተብሎ ሰው በብርድ ይደር ወይ? ይህ የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም፤ መልሱም ድሀውን መክሰስ አይደለም። ከእንጦጦ ጫካ ጭራሮ ተሸክማ በጐበጠ ጀርባ የምትወርደውን ሴት ስለ ዛፍ መጥፋት የሚወቅስ ሰው ፈሪሳዊ ነው። የሥነ ፍጥረት ትምህርታችንም ዕፅዋትን በምሳር የሚቆረጡ ብሎ ሲጠራ መቁረጥ በራሱ ኃጢአት አለመሆኑን ነግሮናል። ኦሪትም በጦርነት ጊዜ እንኳ ከተማን የከበበ ሠራዊት ፍሬ የሚሰጠውን ዛፍ እንዳያጠፋ ከልክላለች (ዘዳ. 20፥19)፤ የማያፈራውን ግን ፈቅዳለች። የሚያስፈልገውን ወስዶ የቀረውን መጠበቅ፣ የቈረጠውንም መተካት፤ ሕጉ ይህ ነው።

የከተማችን ታሪክም ይህን ያረጋግጣል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ የነበረው ጽድና ወይራ ለቤትና ለማገዶ እየተቈረጠ ጥቂት ዓመታት ባልሞላ ጊዜ ተራቈተ፤ ከተማውንም ወደ አዲስ ዓለም እስከ ማዛወር ታስቦ ነበር። ከተማዋን በስፍራዋ ያቆማት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ምንጭን እንደሚያደርቅ፣ ሣርን እንደሚከለክል ዛሬ ብዙ ይነገራል፤ የአገሩን ዛፍ አልተካም። ነገር ግን የድሀ ችግር የሚቃለለው በመቁረጥ ሳይሆን በመትከል መሆኑን ያ ዘመን አሳይቷል። ሊወቀስ የሚገባው ምርጫ የሌለው ድሀ አይደለም፤ እንደ እኛ ጉባኤ ምርጫ እያለው ወጪ ለመቈጠብ የሚያጠፋ ነው።

ደግሞ ነገሩ ሁሉ የሚያስወቅስ ብቻ አይደለም፤ የሚያጽናናም አለ። በአማራ ክልል፣ በተለይም በደቡብ ጎንደር፣ ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው እርሻውና ግጦሹ የተራቈተ ሆኖ ሳለ በየመካከሉ ክብ የሆነ አረንጓዴ ደሴት ይታየዋል። ቀርቦ ቢያይ በእያንዳንዱ ደሴት መካከል ቤተ ክርስቲያን ያገኛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በ2007 እ.ኤ.አ. በሆላንድ አገር በዋግኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ እነዚህ የቤተ ክርስቲያን ደኖች ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቍጥቋጦና ሐረግ መገኘቱን ከባልደረቦቻቸው ጋር ጽፈዋል። ከዙሪያው ምድር የጠፋው በዐጸዱ ውስጥ ተጠብቆ ተገኘ ማለት ነው። የጠበቀውም ጠብመንጃ ሳይሆን የምእመናን ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው።

ይህም ቢሆን ያለ ሥጋት አይደለም። ከብት እየገባ ቡቃያውን ይበላል፤ እርሻው ከዓመት ወደ ዓመት ዳሩን ይገፋል። ስለዚህ ካህናቱና ሕዝቡ ከተመራማሪዎች ጋር ተመካክረው በአንዳንዶቹ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ ካቡ። ድንጋዩን ያገኙት ከገበሬው ማሳ ነው፤ ገበሬው ለማረሻው እንቅፋት የሆነበትን ድንጋይ ለቅሞ ያመጣል፤ ማሳው ይጠራል፤ ደኑም ይታጠራል። አንድ ሥራ ለእንጀራውም ለዛፉም ጠቀመ። ያ ካብ ለእኔ እንደ ድርሰት ይታየኛል። ስለ አበባ አንድ ቃል አልተጻፈበትም፤ በውስጡ የሚቆመው የማኅሌተ ጽጌ ምስጋና ግን እውነተኛ መሆኑን ያ ድንጋይ ይመሰክርለታል።

እንግዲህ ዘፈኑ ይቅር፣ ሥዕሉም ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ስለ አበባ ዘፍኖ የማያውቅ ልብ አበባ ሲጠፋ አያዝንም፤ ያላዘነም አይጠብቅም። ያቺ ልጅ ዛፉን ባትሥለው ኖሮ እኔም በደሌን ባላወቅሁ ነበር። ኪነ ጥበብ የጠፋውን ያስታውሳል፤ ያለውንም ያስወድዳል። ጉድለቱ ከሥዕሉ ሳይሆን በሥዕሉ ከሚያበቃው ሰው ነው። ሠዓሊ ያየውን ያሳያል፤ ሰአሊ ላየው ነገር ዋስ ሆኖ ይቆማል። እመቤታችን ሰአሊተ ምሕረት የተባለችው የእኛን ድካም ከሩቅ አይታ ስላደነቀች ወይም ስላዘነች ብቻ አይደለም፤ ስለ እኛ ስለምትቆም ነው። በስሟ በተጠራ ሰፈር የሚኖር፣ በስሟም የሚማጸን ሰው ራሱ መለመን ለማይችል ፍጥረት መቆምን ከእርሷ ሊማር ይገባዋል። ዛፍ አፍ የለውም፤ ምንጭ በጉባኤ ላይ እጅ አያነሣም።

ይህን ለመፈጸም ታላቅ ሀብት አያስፈልግም። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአገራችን በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። መትከል የአንድ ቀን በዓል ሊሆን ይችላል፤ ችግኝን ማሳደግ ግን የበጋው ወራት ሥራ ነው፤ ሕዝብ በማይሰበሰብበት፣ ከበሮ በማይመታበት በጥርና በየካቲት ውኃ ተሸክሞ መሄድ ነው። ስለዚህ በየአጥቢያው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በዘመነ ጽጌ የሚሥሉትን ዛፍ በዐጸዱ ውስጥ አንድ የአገር ዛፍ ተረክበው ቢያሳድጉበት፣ ሥዕላቸው ዋስ ያለው ሥዕል ይሆናል። የሰበካ ጉባኤም ዛፍ ለመቁረጥ በሚመክርበት ቀን ከአባላቱ አንዱን ስለ ዛፉ እንዲናገር ቢያዝዘው፣ ለዛፉ ሰአሊ ይቆምለታል። በግቢያችን ጥግ ሳይነጠፍ የቀረ አንድ ጋት መሬት ለአደይ ብንተውለት፣ ማንም ሳይዘራው መጥቶ ልጆቻችንን ያስተምርልናል።

እኔም አዳራሹን ማፍረስ አልችልም፤ ወይራዎቹንም ማስነሣት አልችልም። ሽማግሌው ካህን ቦታ አለ ባሉበት በወዲያኛው ወገን፣ ከድንጋዩ መካከል፣ አራት የወይራ ችግኝ ተክለናል። አንዱ ደረቀ፤ በእርሱ ስፍራ ሌላ ተተከለ። ወይራ ቀስ ብሎ የሚያድግ ዛፍ ነውና በጥላው የማርፍበት ዕድሜ እንደማይኖረኝ አውቃለሁ። የልጅቱም አያት አያርፉበትም። ነገር ግን በዘመነ ጽጌ እሑድ ሌሊት መቋሚያዬን ይዤ ስቆም፣ በአፌ ከማመሰግነው ጥቂቱን በእጄ ልከፍል መጀመሬን አስባለሁ፤ ያኔም ዜማው ጉሮሮዬ ላይ እንደ ቀድሞው አይከብደኝም።

አንባቢ ሆይ፣ የሚመጣው መስከረም አንድ ቀን ደጅህ ሲንኳኳና ሕፃን አበባ ሥሎ ሲያቀርብልህ፣ መርቀህ የአቅምህን ስጠው። ከዚያ በኋላ ግን ይህ አበባ በእኔ ደጅ፣ በእኔ ዐጸድ፣ በእኔ ቃል በሚወሰንበት ስፍራ የሚበቅልበት መሬት አለውን ብለህ ራስህን ጠይቅ። የተቀበልኸው ሥዕል ብቻ አይደለም፤ ልመናም ነውና።

አበባን በወራቱ የሚያወጣ አምላክ የአፋችንን ምስጋና ከእጃችን ሥራ ጋር ያስማማልን፤ የሰአሊተ ምሕረት አማላጅነቷ አይለየን፤ አሜን።